የሒሳብ መምህራን አንድን ትምህርት በጋራ አዘጋጅተው፣ አስተምረውና አሻሽለው የሚማማሩበት መንገድ፦ ዝርዝር መመሪያ

ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ መምህራን በአጭሩ «ተሙማ» የሚሉት ሥራ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው በፋይሉ ነው። በመስከረም ዕቅድ ይጻፋል፣ በየጊዜው ቅጽ ይሞላል፣ በሰኔ ፖርትፎሊዮው ተጠርዞ ለሱፐርቫይዘር ይቀርባል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሁለት የሒሳብ መምህራን ጎን ለጎን ተቀምጠው «ልጆቹ ክፍልፋይ ላይ እንዲህ የሚሳሳቱት ምን አስበው ነው?» ብለው የተነጋገሩበት አንድ ሰዓት ላይገኝ ይችላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የትብብሩን መሠረት ከፋይሉ ወደ አንድ ክፍለ ጊዜ ለማዛወር ለሚፈልጉ መምህራን ነው። በዚህ መንገድ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ርዕሶችን ነካ ነካ አድርጎ ከማለፍ ይልቅ አንድ ትምህርት መርጦ በጥልቀት ያዘጋጃል፣ በአንድ አባል ክፍል ውስጥ ያስተምረዋል፣ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፣ ከዚያም አሻሽሎ በሌላ ክፍል ይደግመዋል።

አሠራሩ በጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን «ጁግዮ ኬንኪዩ»፣ ማለትም የትምህርት ጥናት፣ በመባል ይታወቃል። ውድ መሣሪያ ወይም ልዩ በጀት የሚጠይቅ ባለመሆኑ ለእኛም የሚከብድ አይደለም። እዚህ ላይ በምሳሌነት የተያዙት በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎና ፒያሳ ባለው አካባቢ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም በራሳቸው ርዕስ ተክተው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

አንደኛ፦ ቡድኑን ማቋቋም

ከአራት እስከ ስድስት ሰው በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ስብሰባ ይሆናል፤ ስብሰባ ደግሞ የሚጎድለን ነገር አይደለም። ቡድኑን ሲያቋቁሙ አንድ የክፍል ደረጃ ብቻ የሚያስተምሩ መምህራንን ከመሰብሰብ ይልቅ ተከታታይ ክፍሎችን ያጣምሩ። በተለይ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል መምህር ሁለቱም ሊኖሩ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት እርከኑን 6፣ 2፣ 4 አድርጎ ስለከፈለ፣ 6ኛና 7ኛ ክፍል ዛሬ በሁለት የተለያዩ እርከኖች ይገኛሉ። በመካከላቸው የከተማ አቀፍ ፈተና አለ፤ በአዲስ አበባ የሒሳብ ማስተማሪያ ቋንቋም በዚሁ መሸጋገሪያ ላይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። ልጁ ድልድዩን ብቻውን ሲሻገር፣ ከወዲያና ከወዲህ ያሉት ሁለት መምህራን የማይተዋወቁ ከሆነ የጠፋውን ነገር የሚያስተውል አይኖርም።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ በቂ የሒሳብ መምህር ከሌለ በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ተቀናጅተው በሚሠሩበት ማዕከል፣ በኩል የጎረቤት ትምህርት ቤቶችን ይጋብዙ። የመሀል ከተማው ትልቁ ጥቅም በእግር መገናኘት መቻሉ ነው፤ ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ለመድረስ ታክሲ መሰለፍ አያስፈልግም። የግል ትምህርት ቤት መምህራንንም አይተዉ፤ ተማሪዎቻቸው የሚፈተኑት ፈተና አንድ ነው። አዲስ የተመደበ ጀማሪ መምህር ካለ ከአማካሪው ጋር አብሮ ይግባ።

ሁለተኛ፦ ፈቃድ፣ ሰዓትና አንድ ቅድመ ሁኔታ

ለርዕሰ መምህሩ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ይጻፉ። ደብዳቤው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ አባላቱ በሳምንት አንድ የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ እንዲኖራቸው፣ ትምህርቱ በሚሰጥበት ቀን የተመልካቾቹ ክፍሎች በሌላ መምህር እንዲያዙ፣ እንዲሁም ከጎረቤት ትምህርት ቤት የሚመጡ መምህራን እንዲገቡ። የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ የሚገኘው የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከመውጣቱ በፊት ከተጠየቀ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው በነሐሴ መጨረሻ ወይም በጳጉሜን ይቅረብ። በጥቅምት «አንድ ሰዓት ፈልጉልን» ማለት የድልድል ኮሚቴውን ሥራ እንደገና አስጀምሩ ማለት ስለሆነ መልሱ ይታወቃል።

ቅድመ ሁኔታው ከሁሉም ይበልጣል። በዚህ ሥራ የሚደረግ የክፍል ምልከታ ለመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ መምህራን «ኤፊሸንሲ» ለሚሉት ነጥብ፣ ፈጽሞ እንዳይውል ከርዕሰ መምህሩ ጋር በግልጽ መስማማት ያስፈልጋል። በደብዳቤው ላይም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስፈር። ነጥብ ሊሰጠው እንደሚችል የጠረጠረ መምህር የሚያሳየው አስቀድሞ የተለማመደውን ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ መልሱን ያውቁታል፣ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ሁሉም ያምራል፣ ማንም ግን ምንም አይማርም። ይህን ስምምነት ማግኘት ካልተቻለ ሥራውን በሁለት ፈቃደኛ መምህራን መካከል ብቻ ጀምሮ ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለመገናኘት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ የታክሲ ሰልፉ ሳይበዛ ለመበተንም ያስችላል። ቅዳሜ ከሆነና ትምህርት ቤቱ በማጠናከሪያ ትምህርት ከተያዘ፣ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለንባብና ለጽሑፍ ሥራ ጥሩ ቦታ ነው።

ሦስተኛ፦ ሥርዓተ ትምህርቱን ከታች ወደ ላይ ማንበብ

እያንዳንዱ መምህር የራሱን ክፍል መጽሐፍ ያውቃል፤ ከራሱ በታችና በላይ ያለውን ግን ብዙውን ጊዜ አያውቀውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ የአራቱን ክፍሎች የተማሪ መጽሐፍ፣ የመምህር መምሪያና መርሐ ትምህርት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና አንድ ሐሳብ ብቻ ይከተሉ። ክፍልፋይን ብንወስድ በታችኞቹ ክፍሎች በራሱ ስም ይመጣል፤ በ7ኛ ክፍል በንጽጽር፣ በወደርና በፐርሰንት ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል፤ በ8ኛ ክፍል ራሽናል ቁጥሮች በሚለው ምዕራፍ ተመልሶ ይመጣል፤ በሊኒየር እኩልታ ውስጥም ሳይጠራ ይገባል።

ይህን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በአራት ዓምድ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ዓምድ ሥር ደግሞ ሁለት ጥያቄ ይመልሱ። መጽሐፉ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ታሳቢ አድርጓል? ያ ነገር በእርግጥ የተማረው የት ነው? ክፍተቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ባጣበት ቦታ ነው። አንድ መጽሐፍ «ክፍልፋዮችን ማወዳደር» የሚለውን ሥልት በሁለት ምሳሌ ካለፈውና ቀጣዩ ክፍል እንደታወቀ ከቆጠረው፣ ቡድኑ ርዕሱን አገኘ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ከአንድ ስብሰባ በላይ አያውሉ፤ ሠንጠረዥ ማስዋብ ሥራ የሠሩ የሚያስመስል ወጥመድ ነው።

አራተኛ፦ ስህተት መሰብሰብ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ቡድኑ ትምህርት ከማዘጋጀቱ በፊት ተማሪዎቹ በእርግጥ እንዴት እንደሚያስቡ ማወቅ ይኖርበታል፤ ይህም በማርክ ሊስት ላይ አይገኝም። ማርክ ሊስቱ ልጁ ከ10 ስንት እንዳገኘ እንጂ ያጣውን ለምን እንዳጣ አይናገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በሚያስተምረው አንድ ክፍል ውስጥ ከአራት ያልበለጡ ጥያቄዎች በግማሽ ወረቀት ሰጥቶ፣ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር «ለምን?» የሚል መስመር አስቀምጦ ይሰብስብ። ወረቀቱ ማርክ እንደሌለው ለተማሪዎቹ ይነገራቸው። እስከ 6ኛ ክፍል ማብራሪያው በአማርኛ ይጻፋል፤ በ7ኛና በ8ኛ ክፍልም ልጁ በፈለገው ቋንቋ እንዲጽፍ መፍቀድ ተገቢ ነው፤ የምንፈልገው ሐሳቡን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለምና።

የቁጥሮቹ አመራረጥ ብልሃት ይጠይቃል። ክፍልፋይን በማወዳደር ረገድ በብዛት የሚታዩ ሦስት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ። የመጀመሪያው «ቁጥሮቹ ትልልቅ የሆኑት ክፍልፋይ ይበልጣል» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ታህቱ (የታችኛው ቁጥር) ትንሽ የሆነው ይበልጣል» የሚል ነው፤ ይህም 1/3 ከ1/4 እንደሚበልጥ በትክክል የተማረ ልጅ ሕጉን ያለ ቦታው ሲያውለው የሚፈጠር ነው። ሦስተኛው ልጁ ክፍልፋዩ አንድ ሙሉ ለመሆን ስንት ቁራጭ እንደሚጎድለው ቆጥሮ፣ ብዙ የሚጎድለውን ያነሰ አድርጎ የሚወስድበት ነው፤ የቁራጮቹ መጠን የተለያየ መሆኑን ልብ አይልም። እነዚህን ለመለየት የሚከተሉት አራት ጥንዶች በቂ ናቸው፦

3/4 እና 2/3
5/8 እና 3/5
4/9 እና 3/5
2/5 እና 5/7

የጎደለውን የሚቆጥር ተማሪ የመጀመሪያውን ጥንድ «ሁለቱም አንድ አንድ ስለሚጎድላቸው እኩል ናቸው» ይላል፤ በሁለተኛው ደግሞ 5/8 ሦስት፣ 3/5 ሁለት ይጎድለዋል ብሎ 3/5ን ያስበልጣል፤ የቀሩትን ሁለቱን በትክክል ይመልሳል። ታህቱ ትንሽ የሆነውን የሚመርጠው ልጅ የሚያገኘው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ትልልቅ የሆኑትን የሚመርጠው ግን ከአራቱ ሦስቱን ያገኛል፤ የሚሳሳተው 4/9 እና 3/5 ላይ ብቻ ነው። ያ ጥንድ በፈተናው ውስጥ ባይኖር ኖሮ ልጁ ምንም ሳይገባው ሙሉ ማርክ ይወስድ ነበር። አንድ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ በየሴሚስተሩ የሚወጡትን የማወዳደር ጥያቄዎች በዚህ ዓይን ቢፈትሽ ስንቶቹ የተሳሳተ አስተሳሰብ በትክክለኛ መልስ የሚያሳልፉ እንደሆኑ ይደነቃል።

ወረቀቶቹ ሲመጡ በትክክልና በስህተት ሳይሆን በምክንያት ይደርድሯቸው። ጠረጴዛው ላይ አራት ወይም አምስት ክምር ይሠራል፤ ቡድኑ እያንዳንዱን ክምር በልጆቹ አነጋገር ይሰይመው። «ምክንያቱ አይታወቅም» የሚል ክምርም ይኖራል፤ ከእርሱ ውስጥ ሁለት ሦስት ልጆችን በእረፍት ሰዓት ጠርቶ እያወሩ እንዲሠሩ ማድረግ ብዙ ያሳውቃል።

አምስተኛ፦ ትምህርቱን በጋራ ማዘጋጀት

የተለመደው ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ቅጽ መምህሩ የሚሠራውንና ተማሪው የሚሠራውን ለየብቻ ያስጽፋል፤ ብዙ ጊዜም «ተማሪዎች ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ» ተብሎ ይሞላል። ለዚህ ሥራ በሦስት ዓምድ ይጻፉ፦ መምህሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ቃል በቃል፣ ተማሪዎች ሊሰጧቸው የሚችሉ መልሶች (የተሳሳቱት ጭምር)፣ እና መምህሩ ለእያንዳንዱ መልስ የሚያደርገው ነገር። ሁለተኛው ዓምድ ከስህተት ክምሮቹ በቀጥታ ይሞላል። ሦስተኛው ዓምድ የቡድኑ እውነተኛ ክርክር የሚነሣበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከላይ ያሉትን ስህተቶች ለማረም አንድ ቡድን እንዲህ ያለ ትምህርት ሊያዘጋጅ ይችላል። እያንዳንዱ ተማሪ ከባለ ካሬ ደብተር የተቆረጡ፣ እኩል 12 ካሬ ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ይሰጠዋል። በአንደኛው ላይ 3/4፣ በሌላው ላይ 2/3 እንዲያቀልም ይጠየቃል። 9 ካሬና 8 ካሬ ይወጣል፤ «እኩል ናቸው» ያለው ልጅ የራሱ እጅ ይመልስለታል። ትምህርቱ ግን እዚህ ካበቃ ሥዕል መቀባት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ «5/8ን እና 3/5ን ለማወዳደር ወረቀቱ ስንት ካሬ ቢሆን ይመቻል?» የሚል ነው። 12 ለስምንት እኩል አይከፈልም። አንዳንዱ 16 ይሞክራል፣ ለአምስት እምቢ ይለዋል፤ አንዳንዱ 10 ይሞክራል፣ ለስምንት እምቢ ይለዋል። 40 ላይ የደረሰው ልጅ 25 እና 24 ካሬ ያገኛል። የጋራ ታህት የሚባለው ነገር ከመምህሩ ጠመኔ የወጣ ሕግ ሳይሆን ልጁ ራሱ የፈለገው የወረቀት ርዝመት ሆኖ ይመጣል።

ክርክሩ ታዲያ እዚህ ላይ ነው፦ መምህሩ 40ን መቼ ይናገር? ልምድ ያለው መምህር ሰዓቱን እያሰበ «አስር ደቂቃ ከሞከሩ በኋላ እንንገራቸውና እንቀጥል» ሊል ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ከልጆቹ አንዱ እስኪያገኘው እንጠብቅ ይላል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው። የጸሐፊው አቋም ሁለተኛው ነው፤ ሆኖም ጥያቄው ሳይመለስ ደወሉ እንዳይደወል «16ም 10ም ለምን እንዳልሆኑ ንገሩኝ» የሚል መካከለኛ ጥያቄ አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጥ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በዕቅዱ ላይ ካልሰፈረ በክፍል ውስጥ በጭንቀት ይወሰናል።

የሰሌዳ አጠቃቀሙንም አስቀድመው ይሣሉ። ጥቁር ሰሌዳውን በሦስት ከፍለው የልጆቹ የተሳሳተ ሙከራ፣ ትክክለኛው መንገድና መደምደሚያው እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሳይጠፉ ጎን ለጎን እንዲታዩ ያድርጉ። ዳስተሩን በየአምስት ደቂቃው ማንሣት የልጁን የአስተሳሰብ መንገድ አብሮ ያጠፋል።

ስድስተኛ፦ ማስተማርና መመልከት

ከአባላቱ አንዱ በራሱ ክፍል ያስተምራል፤ ሌሎቹ ይመለከታሉ። የሚመለከቱት ግን መምህሩን አይደለም። በለመድነው የክፍል ምልከታ ጎብኚው ከኋላ ተቀምጦ የመምህሩን ድምፅ፣ አለባበስና የሰዓት አጠቃቀም በቅጽ ላይ ምልክት ያደርጋል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ተመልካች ሦስት ወይም አራት ተማሪ አስቀድሞ ተመድቦለት፣ ደብተራቸውን ማየት በሚችልበት በጎን በኩል ይቆማል ወይም ይቀመጣል። በአንድ ክፍል ሃምሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ቢኖርም አራት ተመልካቾች ከአስራ ሁለት እስከ አስራ ስድስት ልጆችን በቅርብ ይከታተላሉ፤ ይህ መምህሩ ብቻውን ሊያየው የማይችለው ነው።

የሚጻፈው የታየውና የተሰማው ብቻ ነው። «ተማሪዎቹ በንቃት ተሳትፈዋል» ለውይይት አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው፦ «4፡20፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ፤ ልጅቷ 16 ካሬ ቆረጠች፣ 5/8ን ቀለመች (10 ካሬ)፣ ለ3/5 ሦስት ሦስት ካሬ እያለች ቆጠረች፣ አንድ ካሬ ተረፋት፤ አጥፍታ የጓደኛዋን ወረቀት አየች።» ከዚህ መስመር ልጅቷ ባለ ካሬው ወረቀት ላይ እኩል መክፈልን እንዳወቀች፣ 16 የማይሆንበትን ምክንያት ግን በቃል እንዳልያዘችው ይታያል። ተመልካቹ ልጁ ሲሳሳት እያየ መርዳት የለበትም። ለመምህር ከዚህ የከበደ ነገር እንደሌለ ይታወቃል፤ ቢሆንም እጅን ኪስ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሰባተኛ፦ ውይይቱ

በዚያው ቀን፣ ሻይ ከተጠጣ በኋላ ወዲያው ይደረግ፤ ሲያድር ዝርዝሩ ይጠፋል። መጀመሪያ ያስተማረው መምህር ይናገራል፣ ምን እንደጠበቀና ምን እንዳየ ይገልጻል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተመልካች ማስታወሻውን ያነብባል፤ አስተያየት የሚመጣው ሁሉም ካነበበ በኋላ ነው።

ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። በተለይ ያስተማረው በዕድሜ ወይም በደረጃ ከፍ ያለ ከሆነ ሁሉም «በጣም ጥሩ ነበር፣ ያልተሟላ ነገር የለም» ብሎ ይቀመጣል። ይህን ለማለፍ የሚረዳው አንደኛ ትምህርቱ የቡድኑ መሆኑን አስታውሶ «ያዘጋጀነው ጥያቄ» ብሎ መናገር ነው፤ የከሸፈው የጋራው ዕቅድ እንጂ የመምህር እከሌ ችሎታ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጀማሪዎቹ ቀድመው እንዲያነብቡ ማድረግ ነው። «ጋሽ እከሌ ያሉት ትክክል ነው» ከተባለ በኋላ የሚከፈት አፍ የለም።

የሚቻል ከሆነ ከቡድኑ ውጭ የሆነ አንድ ባለሙያ ይጋበዝ። ከኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ወይም አራት ኪሎ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የሚመጣ መምህር ከሒሳቡ ጎን የማይታየንን ሊያሳየን ይችላል። ተጋባዡ ዕቅዱን ከሦስት ቀን በፊት እንዲያገኝና በመጨረሻ ብቻ እንዲናገር ይደረግ፤ መጀመሪያ ከተናገረ ውይይቱ ሌክቸር ይሆናል።

ስምንተኛ፦ አሻሽሎ መድገም

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ አባል የተሻሻለውን ትምህርት በሌላ ክፍል ያስተምር፤ ከተቻለ በጎረቤት ትምህርት ቤት ይሁን። የሚለወጠው ከአንድ ወይም ከሁለት ነገር አይብለጥ፤ ሁሉም ከተለወጠ ምን እንደሠራ መለየት አይቻልም። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹ አራት ጥንዶች ቁጥራቸው ተቀይሮ እንደገና ይሰጡና ክምሮቹ ይነጻጸሩ።

ዘጠነኛ፦ የጋራ ምዘና

ቡድኑ አንድ ዙር ከጨረሰ በኋላ የምዕራፉን ፈተና አብሮ ማውጣት ይቀለዋል። ቢጋሩን፣ ማለትም ጥያቄዎቹ በየርዕሱ የሚደለደሉበትን ሠንጠረዥ፣ እንደተለመደው ያዘጋጁ፣ ነገር ግን በእያንዳንዱ የምርጫ ጥያቄ ላይ የተሳሳቱት አማራጮች ከስህተት ክምሮቹ ይምጡ። አንድ አማራጭ የትኛውን አስተሳሰብ እንደሚይዝ መናገር ካልተቻለ አማራጩ ይውጣ። ይህ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ከሚደረገው የወርክሺት ጋጋታ ያነሰ ወረቀት ይፈጃል፤ መምህሩ ለማጠናከሪያ ትምህርት ማንን በምን ርዕስ መጥራት እንዳለበትም ይነግረዋል።

አስረኛ፦ መዝግቦ ማስተላለፍ

ሲሠራበት የቆየው የተሙማ ማዕቀፍ ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ መተንተን፣ ማቀድ፣ መተግበርና መገምገም የሚሉትን ደረጃዎችም ይከተላል። ከላይ የተገለጸው ሥራ አራቱንም ስለሚያካትት ለፖርትፎሊዮው ሌላ ሥራ መፍጠር አያስፈልግም። የስህተት ክምሮቹ ናሙና፣ ባለ ሦስት ዓምዱ ዕቅድ፣ የተመልካቾች ማስታወሻ፣ የውይይቱ ቃለ ጉባኤና የተሻሻለው ዕቅድ ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ይያያዙ። በፋይሉ ውስጥ የተማሪ ስም አይግባ። የሰሌዳውን ፎቶግራፍ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ተማሪ የሚታይበት ፎቶ ግን እዚያም ቢሆን አይለጠፍ።

አንድ ቅጂ በትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን፣ ሌላ ቅጂ በጉድኝት ማዕከሉ ይቀመጥ። መምህር ይዛወራል፤ ተማሪም እንዲሁ። በመሀል ከተማው የመልሶ ማልማት ሥራ ቤተሰቦች ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ዳር ሲሄዱ ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ቀይረዋል። የተቀባዩ ትምህርት ቤት መምህር የስህተት ዝርዝሩን ቢያገኝ አዲስ የመጣውን ልጅ በአራት ጥንድ ክፍልፋይ ሊያውቀው ይችላል። በሰኔ መጨረሻ ቡድኑ ለሚቀጥለው ዓመት የሚይዘውን ርዕስ መርጦ በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍር፤ የጋራ ነፃ ክፍለ ጊዜ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ማን በነሐሴ እንደሚያስገባም በስም ይወሰን።